ለክቡር የሚመለከተው አካል፣ ባሉበት

ቁጥር፦ ገና ያልተሰጠው
ቀን፦ ተራው በደረሰ ዕለት

ጉዳዩ፦ የሱስ ሕክምና የሚሰጥበት ሥፍራ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ስለ ሱስ በተዘገበ ዜና፣ በተካሄደ ዐውደ ጥናትና በተነበበ የአቋም መግለጫ ሁሉ መጨረሻ ላይ ስማቸው ሳይነሣ የማይቀረው፣ «ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» እየተባለ ለዓመታት አደራ የተጣለባቸው ክቡር የሚመለከተው አካል የሚገኙበት ሕንጻ፣ ፎቅና የቢሮ ቁጥር እስካሁን በውል ሊታወቅ ባለመቻሉ፣ ይህ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሳይሆን በአደባባይ እንዲደርሳቸው ተደርጓል። የደብዳቤው ዓላማ ክቡር አካሉን መውቀስ አለመሆኑ ከወዲሁ እንዲታወቅ ያስፈልጋል፤ ሥራ በዝቶባቸው እንጂ ቸል ብለው እንዳልሆነ፣ የመንገዱም፣ የውሃውም፣ የመብራቱም ጉዳይ ለእርሳቸው የተመራ መሆኑን የማያውቅ የለም። የሚጠየቁትም ቀላል ነው፤ በአንድ ወረዳ የሚኖር ሰው መጠጥ ወይም ጫት ለማቆም በቆረጠ ዕለት ወዴት ይሂድ?

ጉዳዩ ከሌላ ጉዳይ ጋር ተዛንቆ ወደ ሌላ ክፍል እንዳይመራ፣ በቅድሚያ ሱስ የሚባለውን መወሰን ተገቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ ዕትም የሱስ ጥገኝነትን በስድስት ምልክቶች ይለየዋል፤ እነርሱም በተለምዶ ሀራራ የሚባለው ብርቱ ፍላጎት፣ መጀመርንና ማቆምን መቆጣጠር አለመቻል፣ ሲያቆሙ የሚከሰት የሰውነት ሕመም፣ መጠኑ እየጨመረ ካልሄደ አለመርካት፣ ሌላውን የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ወደ ጎን መተው፣ እንዲሁም ጉዳቱን እያዩ መቀጠል ናቸው። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ከእነዚህ ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት አብረው ከታዩ ሰውየው ታማሚ ነው ማለት ነው፤ ታማሚ ከሆነ ደግሞ ምክርና ተግሣጽ ብቻውን የማይበቃው፣ ሐኪም፣ አልጋ፣ መድኃኒትና ክትትል የሚያሻው ሰው ነው። ክቡር አካሉ ይህን ሰው እስካሁን በበዓል ቀን በሚደረግ የእግር ጉዞና «ሱስ ይብቃ» በሚል ባለ ቀለም ካናቴራ ሲያክሙት መቆየታቸው የሚዘነጋ አይደለም።

መንግሥት በፈለገ ጊዜ ማድረግ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ሲከለክል፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥም ሲደነግግ፣ ምሽቱን ሙሉ በቢራ አረፋና በጭፈራ ይናጥ የነበረው የቴሌቪዥን መስኮት ረጭ ብሏል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁንና አዋጁን ከቢራ ፋብሪካዎች ይልቅ በታማኝነት ያከበረው የሱስ ሕክምና ሆኖ ተገኝቷል፤ ፋብሪካው ስሙን በጃንጥላ፣ በወንበርና በብርጭቆ ላይ ጽፎ ሲዞር፣ የሕክምናው ክፍል ግን በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በጤና ጣቢያ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀትም ቢሆን ራሱን ከማስተዋወቅ ተቆጥቧል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የበደሌንና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ፣ የኔዘርላንዱ ሄኒከን ባሕር አቋርጦ በደሌንም ሐረርንም አግኝቶ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ገዢ ከአምስተርዳም ተነሥቶ ፋብሪካውን ሲያገኝ፣ በዚያው ፋብሪካ ምርት የታመመ የበደሌ ሰው ግን ሐኪሙን ለማግኘት አቅጣጫ የሚያሳየው አጥቷል።

ክቡር አካሉ የሱስ ሕክምና መርሐ ግብር እንዴት እንደሚዘረጋ ጥናት ለማስጠናት አማካሪ ድርጅት ለመቅጠር አስበው ከሆነ፣ ወጪውን ማዳን ይቻላል፤ ተምሳሌት የሚሆነው አሠራር በየሠፈሩ ተዘርግቶ ይገኛልና። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ፣ ነጋዴው ቅጠሉን ትኩስ እንዳለ ለደንበኛ ማድረስ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከሐረር አጠገብ ካለው ከአወዳይ ገበያ የተጫነው ጭነት በኮባ ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱን ሳያጣ፣ ድንበር ተሻግሮ በዚያው ቀን ጅቡቲ ይገባል። የሠፈሩ ጫት ቤት ደግሞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ቀጠሮ አይጠይቅም፤ ካርድ አውጡ አይልም፤ ሪፈር አይጽፍም። ባለሱቁ ደንበኛውን በስሙ ያውቀዋል፣ የሚስማማውን ዓይነትና መጠን ያስታውሳል፣ ገንዘብ ላጠረው በዱቤ ደብተር ይመዘግብለታል፣ ሁለት ቀን ከቀረ «ምነው ጠፋህ፣ አሞሃል እንዴ?» ብሎ ይደውልለታል። የሥነ አእምሮ መጻሕፍት ታካሚው ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ያስፈልጋሉ የሚሏቸው ነገሮች፣ ማለትም ቅርበት፣ ያለ ቀጠሮ መቀበል፣ የክፍያ ማቅለያ፣ የቅርብ ክትትልና የቡድን ድጋፍ፣ በአንድ ጠባብ ሱቅና ከጀርባው ባለው የበርጫ ክፍል ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ። ከምርቃና በኋላ እንቅልፍ ለሚያጣው ደግሞ የሪፈራል ሥርዓቱ የተቀናጀ ነው፤ ጨብሲ ተብሎ የሚታወቀውን የማብረጃ መጠጥ የሚሰጠው ግሮሰሪ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ተሻግሮ ነው። በዚህ መንገድ አንዱን ሱስ ይዞ የገባ ሰው ሁለተኛውን ጨምሮ ይወጣል።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር፣ ባሏን ወይም ልጇን ለማሳከም የተነሣች ሴት የምትሄድበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል። ታማሚው ከብዙ ልመና በኋላ «እሺ» ባለ ማግሥት ማልዳ ይዛው ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል «ምኑን ነው ያመመው?» ስትባል፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጨጓራውን» ትላለች። መርማሪው እጁ ሲንቀጠቀጥ ቢያይም በካርዱ ላይ የተጻፈው ጨጓራ በመሆኑ፣ ኦሜፕራዞልና ቫይታሚን አዝዞ ይሸኘዋል። ደፍራ እውነቱን የተናገረች እንደሆነ ደግሞ ከሦስት መልሶች አንዱ ይጠብቃታል፤ «እሱማ አመል ነው፣ ራሱ ካልተወው ምን ይደረጋል?»፣ ወይም «ጸበል ውሰጅው»፣ ወይም «አማኑኤል ሂዱ» የሚል ነው። አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የቆየ፣ በአዲስ አበባ የሚገኝ ተቋም ነው። በመሆኑም ከጎንደር ወይም ከአርባ ምንጭ ለተነሣ ቤተሰብ «የአካባቢ ሕክምና» ማለት የአውቶቡስ ትኬት፣ በመናኸሪያ አጠገብ አልቤርጎና ተራ መጠበቅ ማለት ነው። የተረፈው አማራጭ የግል ማገገሚያ ማዕከል ሲሆን፣ ስለ መኖሩ የሚታወቀው በለቅሶ ቤት ወሬ፣ ስለ ዋጋው የሚታወቀው ደግሞ በር ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው።

የቦታው መራቅ ከእግር ድካም ያለፈ ጉዳት እንዳለው ለክቡር አካሉ ማስረዳት ግድ ይላል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል፤ ከ6 እስከ 48 ባሉት ሰዓታት ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው፣ ሰውየው የሌለ ነገር የሚያይበት፣ ቦታና ሰዓት የሚጠፋበት፣ ትኩሳትና የልብ ምት የሚያሻቅብበት፣ ካልታከመም የሚገድል ሁኔታ ሊከሰት ይችላል። መከላከያው ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብርቅ ነገር አይደለም፤ እንደ ዲያዜፓም ያሉ የታወቁ መድኃኒቶችን በሐኪም ክትትል እየቀነሱ መስጠትና አንጎልን ከዘላቂ ጉዳት የሚጠብቀውን ታያሚን የተባለ ቫይታሚን በወቅቱ መስጠት ነው። እንግዲህ ሰውነቱ የቀጠረው በሰዓታት፣ ክቡር አካሉ የቀጠሩት በሳምንታት ከሆነ፣ ታማሚው ሕይወቱን ለማትረፍ ያለው ቅርብ አማራጭ ወደ አረቄ ቤት ተመልሶ አንድ መለኪያ መቅመስ ይሆናል፤ ጎረቤትም «ይኸው፣ አይተወውም አላልንም?» ብሎ ይፈርድበታል።

ጸበልን በተመለከተ፣ ክቡር አካሉ ለእምነት ተቋማት ያላቸው አክብሮት የሚደነቅ ነው፤ የራሳቸውን ሥራ ሳይቀር ለእነርሱ ትተዋልና። ሐኪም ባልነበረበት ዘመንም ሆነ ዛሬ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሱሰኛውን ሳይጸየፉ መቀበላቸው፣ ከመጠጥ ጓደኞቹ ለይተው ማቆየታቸውና ተስፋ መስጠታቸው ማንም የማይክደው ውለታ ነው። ነገር ግን ትናንት ሲጠጣ ያደረ፣ ምግብ ከቀመሰ የሰነበተ ሰው ሱባኤ ገብቶ በባዶ ሆዱ ጸበል ሲጠመቅ ከላይ የተገለጸው አደጋ ቢደርስበት፣ መንፈራገጡ የርኩስ መንፈስ ጩኸት ተደርጎ ሊተረጎም ስለሚችል፣ በጸበሉ አጠገብ አንድ ነርስና አንድ የመድኃኒት ሣጥን ቢኖር እምነቱን የሚነካ ነገር አይኖርም፤ ካህኑም ታማሚውም ደስ ይላቸዋል።

አገልግሎቱ በየወረዳው እንዳይሰጥ ያደረገው የዕውቀት ማነስ ነው እንዳይባል፣ መሣሪያው ከተዘጋጀ ቆይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው የአእምሮ ጤና ክፍተት መርሐ ግብር፣ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች የመጠጥና የሌሎች ሱሶችን ታማሚዎች ለይተው እንዲያክሙ የሚያስችል መመሪያ ተሰናድቷል፤ ኢትዮጵያም ከ2005 ዓ.ም. የሚጀምር ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥታለች። ያው ድርጅት ያዘጋጀው፣ ክቡር አካሉ ከሒሳብ ምርመራ ጋር እንዳያምታቱት የሚለመኑት፣ ኦዲት የተሰኘ መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከ40 ነጥቦች ውስጥ 8 እና ከዚያ በላይ ማግኘት የሰውየው አጠጣጥ ለጤናው አሥጊ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህን ለመጠየቅ እስክሪብቶ፣ ወረቀትና በሩ የተዘጋ ክፍል ይበቃል። ለጫት ሱስ እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት ባለመኖሩ ሕክምናው ምክርና ክትትል ነው፤ ይህም በጀት ሲጠየቅ የሚቀርበውን «መድኃኒት የለም» የሚል ምክንያት ያሳጣል። ከሁሉ በላይ፣ ሰውነትን ከመጠጥ የማጽዳቱ ሥራ የቀናት ጉዳይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንዳያገረሽ የመጠበቅ ሥራ ግን ወራትና ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ የሚያገረሸውም በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይሆን በሠፈሩ ግሮሰሪ በር ላይ ስለሆነ፣ ጠባቂውም በዚያው ሠፈር መገኘት ይኖርበታል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠራተኞች መድቦ ቤት ለቤት መሄድን ያስለመደ በመሆኑ፣ መንገዱም አዲስ አይሆንም።

ስለሆነም ክቡር አካሉ የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ በትሕትና ይጠየቃሉ። ሱስ የሚታከምባቸውን የመንግሥትና የግል ተቋማት ከነአድራሻቸው፣ ከነዋጋቸውና ከነፈቃዳቸው ዘርዝረው በየጤና ጣቢያው በር፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በየትምህርት ቤቱ ይለጥፉ፤ በነጻ የሚደወልበት አንድ ቁጥር ይመድቡ፤ በየወረዳው ቢያንስ በአንድ ጤና ጣቢያ የሠለጠነ ባለሙያና ታያሚን እንዲገኝ ያድርጉ። ገንዘብ የለም የሚባል ከሆነ፣ ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በመጠጥና በትምባሆ ቀረጥ ላይ ሁለት በመቶ ጨምራ የጤና ማጎልበቻ ተቋሟን እንደምታስተዳድር ማስታወስ ይበቃል።

ክቡር አካሉ እስኪመለከቱት ድረስ ግን ቤተሰብ ራሱን ማገዝ ስላለበት፣ የግል ማዕከል በር የሚያንኳኳ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቅ ይመከራል፤ የሥራ ፈቃዱ የታለ፣ ሌሊት የሚያድር የሕክምና ባለሙያ አለ ወይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ በምን ያክማሉ፣ ቤተሰብ መጠየቅ ይፈቀድለታል ወይ፣ ከወጣ በኋላ ማን ይከታተለዋል የሚሉት ናቸው። «በአሥር ቀን ፈጽመን እናድነዋለን» የሚል ማዕከል ሻጭ እንጂ አካሚ እንዳልሆነ፣ ታካሚን በሰንሰለት የሚያስር ወይም የሚደበድብም የሕክምና ቦታ ተብሎ ሊጠራ እንደማይገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ያገረሸበት ታማሚም እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ታማሚ ሕክምናው ይስተካከልለታል እንጂ ከመዝገብ አይሰረዝም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዜና ክፍሎች፦ የዘገባቸውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በአቅራቢያ ባለ ሕክምና ተቋም አድራሻ እንዲተኩት
ለየሠፈሩ ጫት ቤቶች፦ ለልምድ ልውውጥ
ለካርድ ክፍል፦ ጥያቄው ዝግ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲቀርብ
ለማኅደር ክፍል፦ ይህ ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር እንዳይያያዝ