ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት

እኔ የዛሬ ልጆች የሚያሳትሙትን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ከኋላ ነው የምጀምረው። ግጥሙን ንቄ አይደለም። “የጸሐፊዎቹ ማንነት” የሚለው ገጽ ከልብ ወለዱ የባሰ ልብ ወለድ ሆኖብኝ ነው።

እስቲ አንዱን እዩልኝ። ልጁ የጻፈው ስድስት ስንኝ ነው፣ ታሪኩ ግን ሙሉ ዓምድ ይዟል። ከሙሽራው ሚዜው በዛ! ፎቶው ላይ አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው ሩቅ ያያል። “ከልጅነቱ ጀምሮ ለኪነ ጥበብ ልዩ ፍቅር የነበረው” ይላል። እኛም ነበረን፤ በአርጩሜ አስተዉን እንጂ። “በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ንቁ ተሳታፊ” ማለት በሰልፍ ሰዓት ማይክ ይዞ ይጮህ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ “ገጣሚ፣ ሠዓሊ፣ ፎቶግራፈር፣ የመድረክ አጋፋሪና የሕይወት ክህሎት አሠልጣኝ” ይመጣል። “ሦስተኛ የግጥም መድበሉ ለኅትመት ዝግጁ ነው።” አንደኛውንና ሁለተኛውን ያየ ካለ ይንገረኝ። መዝጊያው መቼም አይለወጥም፦ “ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው።”

መልካም። ልጆቹን ምን ያበላቸዋል? እሱን ማንም አይጽፍም!

ሲጣራ ባለ አምስት ሙያው ልጅ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሆኖ ተገኘ። “ከነፋስ ጋር የምታወጋው” ገጣሚት የታክስ ኦዲተር ናት፤ ነጋዴ ሲያያት ይንቀጠቀጣል። “መኖሪያውን በዋሽንግተን ዲሲ ያደረገው” ደግሞ ፓርኪንግ ይሠራል። ታዲያ ምን ነውር አለው? ሠርቶ መብላት መቼ ነው የሚደበቅ ገመና የሆነው?

ድሮም ቢሆን ሥነ ጽሑፍ ባለቤቱን አብልቶ አያውቅም። ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ልብ ወለድ ይጽፉ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ፓርላማም ገብተዋል። መንግሥቱ ለማ ሕንድ አገር ኤምባሲ ሠርቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንኳ የተማረው ሕግ ነበር። ማንም ቢሮውን አልደበቀም።

ደግሞስ ብዕሩ ቀለም የሚቀዳው ከዚያው ከእንጀራው አይደለም እንዴ? በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ የቀይ ኮከብን ዘመቻ አሥመራ ላይ ባያይ ኖሮ፣ “ኦሮማይ” በ1975 ከየት ትመጣልን ነበር? መጽሐፏ ያንኑ ወንበር ነጠቀችው። ወንበሩ ግን መጽሐፏን ሰጥቶናል።

የእኛ ገንዘብ ከፋይ ስለ ጨረቃ ይጽፋል። ጨረቃን ምን አገናኘው! ወር በገባ ቁጥር መስኮቱ ፊት የሚሰለፉትን ጡረተኞች አያይም? አንዷ እናት ብሯን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች፣ በመሐረብ ጫፍ ትቋጥራለች፣ ደግሞ ፈትታ “ልጄ፣ ይኼ የተቀደደው ይሠራል?” ትላለች። ግጥሙ እግሩ ድረስ መጥቶ ተሰልፎለት፣ እሱ “ቀጣይ!” ይላል።

ባለፈው አዘጋጁ ደውሎ፣ “ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ደርሶናል፤ ባዮዎን ይላኩልን” አለኝ። “ጡረተኛ” ብዬ ላክሁ። ወዲያው መልሶ ደወለ፦ “ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ያርዝሙት፣ ቦታ አለን።”

አረዘምሁለት፦ “ጡረተኛ። ጡረታው ግን አይበቃውም፤ መጽሔቱ የሚከፍል ከሆነ ይነገረው።”

እስካሁን አልደወለም።