አባባ ኤድዋርድ 11ኛ ክፍል ገቡ

«የድሮ የቫምፓየር ፊልም እኮ ያስቃል» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ይህን የሚሉኝም «ትዋይላይት»ን አይተው፣ እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ነው። መከራከር ስለሰለቸኝ ከዛሬ ጀምሮ አብሬያቸው ላወድስ ቆርጫለሁ።

እውነታቸውን ነው፤ ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመን ውስጥ የሠራው «ኖስፈራቱ» ኋላ ቀር ነው። ደም መጣጩ ኦርሎክ መላጣ፣ ጆሮው ሾጣጣ፣ ጥፍሩ የረዘመ ነው። ከተማ ሲገባ የሬሳ ሣጥኑን ራሱ ታቅፎ ነው፤ አይጥና ወረርሽኝ አብረውት ይገባሉ። የጠዋት ፀሐይ ስታገኘው ደግሞ ጭስ ሆኖ ይጠፋል። የ2008ቱን የ«ትዋይላይት» ቫምፓየር ኤድዋርድ ከለንን ግን ፀሐይ ስታገኘው እንደ ሠርግ አዳራሽ መብራት ያብለጨልጫል። ይኼ ነው ዕድገት!

ግን ስማቸውን እንዲህ ባዶውን መጥራቴ ነውር ነው። ኤድዋርድ በ1918 በስፓኒሽ ፍሉ ሊሞቱ ሲሉ ተነክሰው የዳኑ፣ ፊልሙ ሲወጣ መቶ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። አንቱታ ይገባቸዋል። ታዲያ አባባ ኤድዋርድ ዘላለም ቢሰጣቸው ምን ሠሩበት? 11ኛ ክፍል ገቡ። ተመርቀው ሌላ ከተማ ሄዱ፣ እንደገና ገቡ። የምረቃ ቆባቸው ተሰብስቦ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኗል። ባዮሎጂ ክፍል ከልጆቹ መሃል ተቀምጠው የሽንኩርት ሥር በማይክሮስኮፕ ያያሉ፤ የሴል ክፍፍሉን ደረጃ አንድም አይስቱ፣ እንዴት ይስታሉ! ሽልማቱም ወርቅማ ሽንኩርት ነው። የልጅ ልጃቸው የሚሆነው መምህር ብድግ ብሎ ወንበር ሊለቅላቸው ሲገባ የቤት ሥራ ይጠይቃቸዋል። ወላጅ አምጡ ቢባሉ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚበልጧቸው ዶክተር ካርላይል ከሆስፒታል አስፈቅደው ከች ይላሉ። የጡረታ ዕድሜያቸው ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ገና የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ይሞላሉ።

የሬሳ ሣጥኑ በቮልቮ ተተክቷል። የአጋዘን ደም እየጠጡም ራሳቸውን «አትክልት ተመጋቢ» ይላሉ፤ አጋዘኑን የጠየቀው የለም።

ማታ ማታ ደግሞ በመስኮት ገብተው የ17 ዓመቷን ቤላን ተኝታ ሲያዩ ያድራሉ። ያስለቅሳል አሉ።

በቃ፣ ሽሙጡ ይቅር። መቶ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ሳይጠራ የልጅ መኝታ ቤት ገብቶ ሲያያት ማደሩ ፍቅር አይደለም። ሙርናው ይህን ያውቅ ነበር። የሱም ኦርሎክ ወደ ሴቷ ባለታሪክ ወደ ኤለን መኝታ ቤት ይወጣል፤ ደረጃው ላይ የምናየው ጥላውን ብቻ ነው፣ ጣቶቹ ረዝመው ወደ በሩ ሲዘረጉ። ካሜራው ግን አንዴም «ሲያምር!» አላለም።

ያን ፊልም የብራም ስቶከር ሚስት ፍሎረንስ «ከድራኩላ ያለፈቃድ የተወሰደ ነው» ብላ ከስሳ፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አዝዞ ነበር። ተርፎ እዚህ የደረሰው ሊሳቅበት ኖሯል። ለአባባ ኤድዋርድ ግን አራት ተከታይ ፊልም ተሠራላቸው። በሦስተኛው ተከታይ ተሞሽረዋል።