የተዋሱትን መጽሐፍ ስላለመመለስ አጭር ሐተታ

መጽሐፍ ማንበብ አእምሮን እንደሚያበራ፣ ብቸኝነትን እንደሚያርቅ፣ ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና የማይሰለች ተድላ እንደ ሆነ ሊቃውንት ደጋግመው ስለ ጻፉ፣ እኛ ያንኑ በመድገም የአንባቢን ትዕግሥት መፈታተን አልወደድንም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው መጽሐፉ በእጅ ሲኖር ስለ ሆነ፣ መጽሐፍም በአገራችን ከገዛው ሰው ይልቅ በተዋሰው ሰው ቤት ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር ከብዙ መደርደሪያዎች ስለ ተረዳን፣ የዚህን ጠባይ መንሥኤ መርምረን ለማቅረብ ደፍረናል።

አባቶቻችን ነገሩን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ለአንድ ታላቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ተለይተው፣ ጸሐፊው ወገቡ እስኪጎብጥ በመቃ ብዕር ከጻፈ በኋላ፣ ሥራው በምስጋና ብቻ አይፈጸምም ነበር፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን በብራናው ላይ ይጻፍ ነበር። በዚህም ላይ መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ የጠፋ እንደ ሆነ ባዶው ችንካር ለገባ ለወጣው ሁሉ ይመሰክር ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ግን መጽሐፉ እየበዛ፣ ውግዘቱ እየቀረ ሄደ፤ ዛሬ በስፍራው የምናነበው «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ቃል የደራሲውን መብት እንጂ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ሰው የማይመለከት ከመሆኑም በላይ፣ ከሐዋርያት አንዱ እንኳ አልተጠራበትም።

ተዋሹ መጽሐፉን ሲወስድ የሚናገረው በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ «አንዴ አየት አድርጌ እመልሰዋለሁ» ይላል። ንባቡ ቀላል፣ ምሥጢሩ ግን ጥልቅ ነው። «አየት አድርጌ» ማለቱ፣ ሽፋኑን አይቼ ሲል ነው። አንድም፣ እንግዳ በመጣ ጊዜ እያሳየሁ ሲል ነው። አንድም፣ ታናሽ ወንድሜ አይቶት፣ የወንድሜም ባልንጀራ አይቶት፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳየው ሳይታወቅ ሲል ነው። ለ«እመልሰዋለሁ» ደግሞ ቀን ስላልተቆረጠለት፣ ከምጽአት በፊት በማናቸውም ጊዜ ቢመልሰው ቃሉን እንዳላፈረሰ ይቆጠርለታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ መንገድ ከሚሄዱት መጻሕፍት ዋነኛው ሲሆን፣ ርእሱ የውሰቱን ዘመን በግልጽ ስለሚያስታውቅ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም ሊል አይቻለውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለመጽሐፉ ለእንግድነት ቢሄድ የገዛ መጽሐፉን ከተዋሹ መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል። ተዋሹም በዚያን ጊዜ መጽሐፉን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዳሳደገው ሁሉ አቧራውን በእጁ ጠረግ አድርጎ፣ «ይህንን አንብበኸዋል? ድንቅ ነው፤ ውሰደው፤ ብቻ እንዳትጠፋብኝ» ይለዋል። ባለቤቱ ይሉኝታ ይዞት አመስግኖ ይቀበላል። በቀጠሮውም ቀን ይመልሳል!

ወሳጁ መንግሥት በሆነ ጊዜ ጠባዩ ይለወጥ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ሲወስድ «አየት አድርጌ» እንኳ አላለም፤ ከእነዚያም 350 ያህሉ ለንደን ወዳለው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1864 ዓ.ም. ደብዳቤ ቢጽፉ፣ ቤተ መዘክሩ ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን መለሰ። ከዚህ የምናወጣው ሕግ የሚከተለው ነው፦ ጠያቂው ንጉሠ ነገሥት ከሆነ አንድ መጽሐፍ ይመለሳል፤ እርሱም ወሳጁ ሁለት ያለው እንደ ሆነ ነው። ተራ ሰው ተስፋውን በዚሁ ልክ ይመጥን።

ታዲያ ባለመጽሐፉ ይህን ሁሉ እያወቀ ስለ ምን ያውሳል? ከደግነቱ የተነሣ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንቀበለውም። መልካም መጽሐፍ በሌሊት የጨረሰ ሰው ያነበበውን ብቻውን ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም፤ አብሮት የሚደነቅ፣ ቢቻልም የሚከራከረው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሲነጋ ወደ ወዳጁ ሄዶ፣ ያልጠየቀውን መጽሐፍ በግድ ያስይዘዋል። መደርደሪያውን የሚያራቁተው እንግዲህ ራሱ የማንበብ ደስታ ነው። የማያነብ ሰው መጽሐፍ ጠፍቶበት አያውቅም፤ በመስተዋት ቁም ሣጥን ደርድሮ፣ አንድም ገጽ ሳይገለጥ ለልጆቹ ያወርሳል።

ይህን ሐተታ ከሚያነቡ ወዳጆች መካከል ከእኛ መጽሐፍ የወሰደ ቢኖር፣ የዘገየበትን ምክንያት በደብዳቤ ማብራራት አያስፈልገውም፤ ከደጃፋችን ላለው ዘበኛ ሰጥቶ ይሂድ። ዘበኛውም ማንበብ የሚወድ ሰው ስለ ሆነ፣ እባካችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩልን።