ካርታ የሌለው የልደታ ነዋሪ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከአስፋልት ሥር ለሚኖር ጅረት መታወቂያ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ደንበኛዬ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ የሚወርድ የልደታ ጅረት ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሕግ ይለክፈዋል።

ደንበኛዬ የሰፈሩ ባለ ርስት ነው። ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ይቀድማል፤ ከኮንዶሚኒየሙም፣ በ2008 ዓ.ም. በላያችን ላይ መመላለስ ከጀመረው ባቡርም ይቀድማል። ሆኖም ካርታ የለውም። ስለዚህ መልሶ ማልማት ሲመጣ ካሳም ምትክ ቦታም አልጠየቀም፤ ቱቦ ውስጥ ግባ ተባለ፣ ገባ። እንዲህ ያለ ጨዋ ተነሺ ከየት ይገኛል?

አንዳንድ ጎረቤቶቹ ደግሞ ብቸኝነት እንዳይሰማው ብለው የመጸዳጃ ቤታቸውን መስመር ቀጠሉለት። ትንሹ አቃቂ ገፈርሳ ላይ ተገድቦና ተጣርቶ ይጠጣል፤ ያው ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲወርድ አፍንጫ ያስይዛል።

በ2011 ዓ.ም. የሸገር የወንዝ ዳር ልማት 56 ኪሎ ሜትርና 29 ቢሊዮን ብር ሲባል ደስ ብሎናል። ቅሬታችን አንዲት ናት፦ የሚለማው ዳር ያለው ወንዝ ነው። ግራ ቀኙ ኮንክሪት፣ ጣሪያው አስፋልት ለሆነ ጅረት አግዳሚ ወንበሩ የት ይተከላል?

ደንበኛዬ ስም የሚያገኘው ነሐሴ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ «ድንገተኛ ጎርፍ» ይባላል። ክረምት በዚህ አገር ድንገተኛ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አስፋልቱ ዝናቡን አላሰርግ ብሎ፣ ቱቦው በፕላስቲክ ጠርሙስ ተወትፎ፣ ውኃው በየት ይሂድ?

ሴኡል የቾንግዬቾን ወንዟን ከድና መንገድ ሠርታበት ነበር፤ ኋላ መንገዱን አፍርሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል መልሳ ከፈተችው። ያውም አብዛኛው ውኃ በፓምፕ የሚመጣ ነው። የእኛው ያለ ፓምፕ፣ ሳይጠሩት ይመጣል። አስፋልቱ ይፍረስ አንልም። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ጅረቱ ሳይት ፕላኑ ላይ ይታይ፤ ቱቦው በነሐሴ ከሚጎበኝ በግንቦት ይጠረግ፤ የፍሳሽና የዝናብ መስመሮችም ይፋቱ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአባ ሳሙኤል ግድብ (ፖስታ አያስፈልግም፤ ክረምት ላይ ደንበኛዬ ራሱ በትንሹ አቃቂ በኩል ያደርሰዋል)