የጎሚኒ ነገር

ጎሚኒ የምትባለው ትንሽ የጎማ ቁራጭ በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የተናቀች ናት። ቧንቧው ውስጥ ተቀብራ ሥራዋን ስትሠራ ማንም አያስታውሳትም፤ ስታልቅ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ እያለች ስሟን ታስጠራለች። ሐኪም ቤት ግሉኮስ ሲሰጥ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ሒሳብ በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል፤ ከ4 ሊትር ይበልጣል። በዓመት 1,570 ሊትር አለፍ ይላል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቋንቋ ደግሞ 78 ቢጫ ጀሪካን መሆኑ ነው። የሚገርመው፣ ጀሪካን አሰልፎ ለውሃ የሚጋፋውና ቧንቧው ሲንጠባጠብ ዝም ብሎ የሚያየው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ምንም አያደርግም ማለት ግን ሐሜት ይሆናል። በመጀመሪያ ቧንቧውን በሙሉ ጉልበቱ አጥብቆ ይዘጋል፤ ያለቀችው ጎሚኒ ይብሱን ትደቅቃለች፣ ብረቱም ይፋቃል። ቀጥሎ የቧንቧው አፍ ላይ ጨርቅ ያስራል። ውሃው ጨርቁን ተከትሎ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፣ ባለቤቱም እፎይ ብሎ ይተኛል። የተጠገነው ድምፁ ነው።

ጣሪያውም ቢሆን የዚችው የጎሚኒ ዘመድ ሥር የሚያድር ነው። በቆርቆሮ ሚስማር ራስ ሥር ያለችው ጎማ ፀሐይ ሲያደርቃት ትሰነጠቃለች፤ ሰኔ ሲገባ ውሃው መንገዱን ያገኛል። በሐምሌ ዝናብ ማን ጣሪያ ላይ ይወጣል? በጥር ፀሐይ ደግሞ የማያፈስ ጣሪያ ማን ያድሳል? በዚህ እንከን በማይወጣለት ምክንያት ሳፋው በየክረምቱ ቦታውን ይይዛል፣ አልጋው አንድ ክንድ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ ኮርኒሱ ያብጣል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። መጨረሻ ላይ በእፍኝ ሚስማር ያልቅ የነበረው ጉዳይ አናጺ፣ ቀለም ቀቢና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ቀን ያስጠራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚተረተው ከተቃጠለ በኋላ፣ ያውም በጎረቤት መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ለስንፍና መስጠት ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ጥፋቱን በምስክር እጦት ላይ አደርገዋለሁ። የፈረሰ ጣሪያ የሠራ ሰው ቤቱን ያስጎበኛል፣ ይመረቅለታል። ሚስማሩን በጊዜው የቀየረው ምን ያስጎበኛል? «ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ ምንም አልሆነም» ቢል ያሙታል። አዋቂዎችም ከዚህ አያመልጡም። በጥር 1978 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1986) አሜሪካኖች ቻሌንጀር የተባለችውን መንኮራኩር ሊያመጥቁ ሲሉ፣ በሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ ስላለችው የጎማ ቀለበት፣ ማለትም ስለ ትልቋ ጎሚኒ፣ መሐንዲሶች ስጋት ነበራቸው። ጎማዋ በብርድ ስለምትደርቅ ከ12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንዳትመጥቅ ሲሉ በዋዜማው ተከራከሩ። መድኃኒቱ አየሩ እስኪሞቅ መጠበቅ ብቻ ነበር። ግን ብትጠብቅና በደህና ብትመጥቅ ኖሮ እነዚያ መሐንዲሶች በታሪክ የሚታወሱት ሥራ በማጓተት ነበር። አልተሰሙም፤ ብርዱ ዜሮን በጥቂት ዲግሪ ብቻ በበለጠበት ማለዳ ተነሣች፣ በ73 ሴኮንድ ውስጥ ከነ ሰባት ተሳፋሪዎቿ ጠፋች። በኋላ በተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ፊት የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ከዚያች ጎማ ቁራጭ ወስዶ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከራት፤ ስትወጣ ወደ ቅርጿ ለመመለስ ዳተኛ ሆነች። ምስክሩ ሲገኝ መንኮራኩሯ አልነበረችም። ምትኳን ለመሥራት ብቻ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ፤ የሰዎቹ ምትክ ግን አይሠራም።

«የዕለት እንጀራ ላሳሰበው ሰው ስለ ጎሚኒ አታውራ» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ዛሬ የራበው ሰው የነገን ወጪ አስቦ አያድርም። ነገር ግን ያው ሰው ጣሪያው ሲወድቅ ገንዘቡን ከየትም ያመጣዋል፤ «ቤቴ ፈረሰ» ሲል ዘመድ ያበድረዋል፣ «ቤቴ ሊፈርስ ነው» ቢል ግን ሟርተኛ ይባላል። ደግሞስ አስቀድሞ መክፈልን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። እድር አለን! በየወሩ ሳናዛንፍ እያዋጣን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን አዘጋጅተን እንጠብቃለን፤ ብቻ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያዋልነው በዓለም ላይ ፈጽሞ ሊከላከሉት በማይቻለው ነገር ላይ ነው። እድር የሚሠራውም ምስክር ስላለው ነው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የቀረ ይቀጣል። ቧንቧ ሲንጠባጠብ የሚቀጣ የጎሚኒ እድር ቢኖር ኖሮ ቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ በፈታ ነበር።

ጥንቃቄ ሲበዛም በሽታ ነው የሚሉትን አልሟገትም። የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥሩ እስከማይነበብ የሚኖርበት፣ ሶፋው ከነፋብሪካ ሽፋኑ የሚያረጅበት ቤት ስንት ነው! ግን እዚያው ቤት ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሪሞቱ ቢበላሽ የሚከተል ሌላ ጥፋት የለም፤ ውሃ ግን ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። እንግዳ የሚያየው ሪሞቱን ስለሆነ ላስቲኩ ለሪሞቱ ደረሰ።

«እስካሁን ምን ሆነ?» ብሎ ለሚሟገት፣ ምንም ያልሆነው ቀድሞ ስለተጠነቀቁ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት የፈንጣጣ ነገር ይበቃል። ጫፏ መንታ በሆነች ርካሽ መርፌ በየመንደሩ ሲከተብ ቆይቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተካሄደው ዘመቻ ያስወጣው 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ለአንዲት መንኮራኩር ምትክ ከወጣው ስድስተኛ እጅ መሆኑ ነው። የዛሬ ልጅ ፈንጣጣ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ስድብ ይመስለዋል። የመርፌዋም ውለታ ከበሽታው ጋር አብሮ ተረሳ።

ይህን ወግ ለማንበብ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሴኮንድ አንድ ለሚጥል ቧንቧ 300 ጠብታ ማለት ነው፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ምን ያስቸኩላል? እሁድ ይደርሳል።