ድርሳነ ካፖርት፦ ብርድ በቀረበት ዊንተር ወደ አገር ቤት ስለሚደረግ ጉዞ የቀረበ ሐተታ

ከሁሉ አስቀድሞ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቸል ያሉትን አንድ እውነት ማጽናት ይገባል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለገና ወደ አገሩ ሲሄድ የሚይዘው ሻንጣ በቁጥር ሦስት ነው። ሁለቱን አየር መንገዱ ያውቃቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ፈቅዷል። ሦስተኛው ካፖርት ይባላል። ባለቤቱ ስለሚለብሰው ሚዛን ላይ አይወጣም። በውጭ ኪሱ ሁለት ስልክ፣ በውስጥ ኪሱ ለእናት የስኳር መለኪያ፣ በተቀደደው ገበር በኩል ደግሞ የአንድ ዓመት ቫይታሚን ይዞ ይሻገራል። (የእጅ ቦርሳ ይህን ድርሳን አይመለከተውም፤ ስለ እርሱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያስፈልጋል።)

ሻንጣው ከኅዳር ጀምሮ ሳሎን መካከል ተከፍቶ የሚቀመጠው ለምንድን ነው ቢሉ፦ የሚረሳ ነገር እንዳይኖር ነው። አንድም፦ እንግዳ ሁሉ አይቶ «ትሄዳለህ እንዴ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። አንድም፦ ተጓዡ ከሥራ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሸሚዙን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዛውር የጉዞውን ግማሽ እዚያው ስለሚጓዘው ነው። ይህ ሦስተኛው ትርጓሜ ይበልጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ 13 ሰዓት ያህል ቢፈጅም፣ የሳሎኑ ጉዞ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፤ ደስታውም እንደዚያው ይረዝማል። ስለዚህ የጉዞ ናፍቆት በቀን ሳይሆን በኪሎ መለካት አለበት እንላለን። ናፍቆቱ 46 ኪሎ ሲሞላ ትርፉ ወደ ካፖርቱ ይፈሳል።

ነገር ግን ካፖርት ሻንጣ ሆኖ ለማገልገል ምክንያት ይሻል፤ ምክንያቱም ብርድ ነው። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆን እንደ ጋን ያበጠ ሰው የአየር መንገዱ መስኮት ዘንድ ቢቀርብ የሚጠረጥረው የለም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ብርዱ የቀረ እንደ ሆነ ሦስተኛው ሻንጣ ምን ይሁን?

ነገሩ የአእምሮ ጨዋታ አይደለም፤ በተግባር ደርሷል። በእኛ 2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14፣ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሙቀቱ 72 ፋራናይት፣ ማለትም 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። የዚያ ቀን የቀድሞ ክብረ ወሰን 63 ፋራናይት ነበር። ወሩ በአጠቃላይ በአሜሪካ እስከዚያ ከተመዘገቡት ዲሴምበሮች ሁሉ ሞቃታማው ሆነ። የፓስፊክን ውሃ ያሞቀው ኤል ኒኞ አንዱ መንስኤ ነው፤ የዋልታው ቀዝቃዛ አየርም ሰሜን ላይ ታጥሮ መቅረቱ ሌላው ነው። ያው ኤል ኒኞ በአገራችን የክረምቱን ዝናብ አጉድሎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለምግብ ርዳታ ዳርጓል። ሊቅ ነኝ ባይ እዚህ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ይበል፤ የላኪው ሁሉ ኪስ በዚያ ዓመት ከካፖርቱ ኪስ ይልቅ በሐዋላ የተራቆተው ስለዚህ ነው።

ወደ ሐተታችን እንመለስ። በሸሚዝ በሚኬድበት ቀን ካፖርት ለብሶ ዳለስ አየር ማረፊያ ስለ ቆመው ሰው ሁለት ጉባኤዎች፣ እንደ ጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ ተለያይተዋል። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤት «ልብስ የሚለበሰው ለመድረሻው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ንጋቷም ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ካፖርቱ ሕጋዊ ነው» ይላል። የአሌክሳንድሪያ ቤት መልሶ «ላብ ምስክር ነው» ይላል፤ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ «በርዶኝ ነው» የሚልን መንገደኛ የሚያምን ሠራተኛ አልተወለደምና። ተራ ሲጠብቁ የሚከራከሩ የታክሲ ሊቃውንት ሦስተኛ ሐሳብ ያመጣሉ፦ ካፖርቱ በክንድ ይያዝ። ደካማ ሐሳብ ነው። በክንድ የተያዘ ካፖርት ይንኳኳል።

እኛ ለሲልቨር ስፕሪንግ እንፈርዳለን። የ13 ወር ፀሐይን በዓለም ያስተዋወቁት የቱሪዝም አባት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ስለ ፀሐይዋ እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን ፀሐይዋ የምትወጣው ጧት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቦሌ በር ላይ የቆመ ተቀባይ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ያዩታል። ላብ ያስጠመቀው ካፖርት እዚያ ይከብራል። ይከብርና ወዲያው ባለቤት ይለውጣል፤ የአክስት ልጅ በትከሻው ልክ መሆኑን ከመኪናው ሳይወርድ አረጋግጧል።

ያን ዓመት ዘመኑ ዮሐንስ ስለነበር ገና ታኅሣሥ 28 ዋለ፤ ጥምቀትም ጥር 11፣ ረቡዕ። ቃና ዘገሊላን አክብሮ ሐሙስ ማታ የተነሣ መንገደኛ አርብ ጧት ዳለስ በሹራብ ደረሰ። ሲሄድ ሙቀት ነበርና ሲመለስም ያንኑ ጠበቀ። አርብ ከሰዓት በረዶው ጀመረ፤ እስኪያባራ ድረስ በዚያው በዳለስ 29.3 ኢንች፣ ማለትም 74 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆለለ።

አሁን በጉባኤዎቹ ፊት ያለው ክርክር ካፖርቱ ይመለሳል ወይ የሚል ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤት «ይቅርልህ» የሚል ቃል ካልተነገረ ስጦታው አልጸናምና ይመለስ ይላል። የአሌክሳንድሪያ ቤት ዘመድ የለበሰው አይጠየቅም ብሎ ሲከራከር ከርሞ በመጨረሻ አንድ ነገር ለቀቀ፦ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ስለሚሞላ ካፖርቱን ለብሶት ይምጣ። በኪሱ ድርቆሽ ይግባ ወይስ ቅቤ በሚለው ግን ገና አልተስማሙም።