በደረቅ ወንዝ ዳር አከራይ ለመሆን ለሚሻ ሰው የተሰጠ ምክር

ወዳጄ ሆይ፤ በድሬዳዋ ከተማ በደቻቱ ወንዝ ዳር ቦታ ይዘህ፣ ቤት ሠርተህ ለማከራየት ማሰብህን በሰማሁ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ከአንተ አስቀድሞ በዚህ ሥራ የተሠማሩት ሰዎች ስሕተቱን ሁሉ በትጋት ፈጽመውት ስላለፉ፣ አንተ አዲስ ስሕተት ለመፈልሰፍ ሳትደክም በእነርሱ ፍኖት ብቻ ብትሄድ ካሰብከው ትደርሳለህና።

ከሁሉ አስቀድሞ ቦታውን የምታይበትን ወራት ለይ። ክረምት ከቶ አይሁን። በጥር ወይም በየካቲት፣ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ብቻ ሆኖ በተኛበት ጊዜ ሂድ፤ ያን ጊዜ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሻገረው ሕዝብ ድልድይ ሳይፈልግ በወንዙ ሆድ ሲመላለስ፣ ልጆች ሁለት ሁለት ድንጋይ ለግብ አቁመው ኳስ ሲራገጡ፣ ሴቶች ቲማቲምና ሽንኩርታቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግተው ሲሸጡ፣ የጭነት መኪናም ለግንበኛ የሚሆን አሸዋ ሲጭን ታያለህ፤ ይህን ሁሉ አይተህ «ይህስ ወንዝ አይደለም፣ አደባባይ ነው» ብለህ በልብህ ትፈርዳለህ፤ ፍርድህም ከዓመቱ በሚበዛው ቀን እውነት ሆኖ ይገኛል። የሚቀረው ጥቂት ቀን ነው።

ቦታውን ስትመረምር ዓይንህን ወደ ደቡብ እንዳታነሣ ተጠንቀቅ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ፣ ውሃው የሚነሣባቸው በደንገጎ በኩል ያሉት ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ዛፋቸው ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ፣ ገደላቸውም ሳይቀር ታርሶ፣ አፈራቸው ታጥቦ አልቆ ብዙው ስፍራ ራቁቱን ስለቀረ፣ በዚያ የሚጥለው ዝናብ የሚያዘገየው ሥርና ሣር አጥቶ፣ ድንጋዩንና ደለሉን እየጠረገ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ በከተማዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ሰማዩም በከዋክብት አሸብርቆ ሳለ፣ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል፤ ተከራይህ ግን የዝናብን መምጣት የሚያውቀው ቆርቆሮው ሲንኳኳ ነውና ቆርቆሮው ዝም ካለ ያለ ሥጋት ይተኛል። ይህን አትንገረው። የአገር ሽማግሌም አትጠይቅ፤ ሽማግሌ ከጠየቅህ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋ ከተቆረቆረች ወዲህ ደቻቱ ስንት ጊዜ እንደ ሞላ ሊተርክልህ ይጀምርና ቀኑ ይመሽብሃል።

በወንጌል የተጻፈው፣ ቤቱን በአሸዋ ላይ የመሠረተው ሰው፣ ሰነፍ ተብሎ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲወቀስ ይኖራል፤ እኔ ግን የዚያ ሰው ስንፍና በአሸዋ ላይ መሥራቱ ሳይሆን በሠራው ቤት ራሱ መግባቱ ይመስለኛል። አንተ ልባም ሁን፤ በአሸዋው ላይ አሥራ ሁለት ክፍል ደርድረህ ለሌሎች አከራይ፣ ራስህ ግን ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ከፍ ካለው ሰፈር ኑር፤ የቤቱ አወዳደቅ የሌላ ሰው እንዲሆን።

ቦታውን የምትይዝበት ጥበብ የታወቀ ነው። ጨረቃ ቤት የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለምና፣ ማታ ማገሩን አቁመህ ጎሕ ሳይቀድ ቆርቆሮውን ምታ፤ በማግሥቱ ሰው ገብቶበት፣ ሕፃን ሲያለቅስበትና ቡና ሲቆላበት ከተገኘ፣ ለማፍረስ የመጣውም ሰው አንጀት አለውና ይመለሳል። (የሚያፈርሰው ሁሉ ምትክ ቦታ ሳያዘጋጅ ድሃውን ሜዳ ላይ የሚጥል ስለሆነ፣ የሕግ ጥላቻ በሕዝቡ ልብ ውስጥ እንዲኖር አስቀድሞ ሠርቶልሃል፤ አመስግነው።) ከዚያ በኋላ የመብራት ቆጣሪ እንዲገባልህ ደጅ ጥና። አንዱ መሥሪያ ቤት «ይህ የውሃ መንገድ ነው» ብሎ ሲጽፍ ሌላው ቆጣሪ ይተክልልሃል፤ ቆጣሪ ከተተከለ ዘንድ የወንዝነቱ ነገር ተረስቶ፣ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልለህ ካስቀመጥህ፣ ስለ ርስትህ ከዚያ የበለጠ ምስክር አያሻህም።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም፤ ጭቃና ጭድ ይበቃል። ስለ ግቢው በር ግን ጥቂት ልቆይ። አሥራ ሁለቱ ክፍሎች ፊታቸው ወደ አንዲት ጠባብ ግቢ ይሁን፣ ግቢውም በቆርቆሮ ታጥሮ አንዲት በር ብቻ ትኑረው፤ ሌባ የበዛበት ሰፈር ነውና ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን በጓጉንቸር ቆልፈህ ቁልፉን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ። ይህ ሥርዓት ከሌባ እንደሚጠብቅ የታመነ ነው። በመንፈቀ ሌሊት ውሃው ከጓሮ በኩል አጥሩን ገፍቶ ሲገባ፣ ጀሪካኑና ፍራሹ በጨለማ ሲንሳፈፉ፣ አባት አንዱን ልጅ በትከሻው ሁለተኛውን በብብቱ ይዞ ያችን በር ሲደበድብ፣ ቁልፉ ከአንተ ትራስ ሥር በሰላም ያድራል።

ተከራይ ስትመርጥ ከሩቅ አገር የመጣውን ምረጥ፤ የቀን ሠራተኛውን፣ ተሸካሚውን፣ ከሰል ላይ ጀበና ጥዳ ቡና በስኒ የምትሸጠውን፤ እነዚህ ወንዙን በበጋው እንጂ በክረምቱ አያውቁትም፣ ከዚህ የረከሰ ቤትም የላቸውም። ውሉም በቃል ይሁን፤ ስማቸውን አትጻፍ፣ በአንዱ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድርም አትጠይቅ። የዚህን ጥቅም ኋላ ታየዋለህ።

ምክሬ በተግባር የተፈተነ መሆኑን ታውቅ ዘንድ የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ላስታውስህ። ከሐምሌ 29 ቅዳሜ ማታ ወደ እሑድ በሚያነጋው ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ደርሶ፣ ከ200 በላይ ነፍሳት አለፉ፤ ብዙዎችም የገቡበት ጠፋ፤ 10,000 ያህል ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ለአንተ እዚህ ላይ የምትጠቅመው «የገቡበት ጠፋ» የምትለው ናት። በቃል ውል የገባ፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው፣ ዘመዱ ከሩቅ አገር እስኪመጣ ድረስ መጥፋቱን እንኳ የሚናገርለት የለም። ለመገነዝና ለፍትሐት፣ ወይም ጀናዛ ለማውጣት፣ አስከሬን ያስፈልጋል፤ አስከሬኑ በታችኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ፣ እናቲቱ ድንኳን አስጥላ ለቅሶ ትቀመጥ ወይስ ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቅ፣ የሚቆርጥላት ሰው አይገኝም፤ ተዝካሩም የሚቆጠርበት ቀን አይታወቅም። በአከራይ ሒሳብ ላይ ግን ይህ አይገባምና አንተን አይመለከትህም፤ የአንተ ኪሣራ አሥራ ሁለት ክፍል ጭቃና ቆርቆሮ ነው፣ እርሱም ቢሆን በሁለት ዓመት ኪራይ ተመልሷል።

በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ300 በላይ ሰዎችንና እጅግ ብዙ ከብት ወስዷል፤ ነገር ግን በዚያ ያለው ሕዝብ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላውን ዘርቶ የሚኖር፣ ከወንዙ ጋር አስቀድሞ ቃል ኪዳን ያለው ስለሆነ፣ ለእርሱ የምሰጠው የፌዝ ምክር የለኝም።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ስለምትናገረው ነገር ተዘጋጅ። ሰማይን ክሰስ፤ ሰማይ ተከሶ መልስ አይሰጥምና። በለቅሶው ላይ ጋቢህን አጣፍተህ ተገኝ፣ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ ኃጢአታችን በዛ» በልና ራስህን ነቅንቅ፤ ሰሚው ሁሉ የየራሱን ኃጢአት ሲያስብ ስለ ግቢው በርና ስለ ጓጉንቸሩ የሚጠይቅህ አይኖርም። በትምህርት ቤት አዳራሽና በድንኳን ለተጠለሉት ብርድ ልብስ ሲዋጣም አትቅር፤ መዋጮህ በአደባባይ ይታይልህ።

ከዚያ በኋላ በትዕግሥት ጠብቅ። ደለሉ ይደርቃል፣ ልጆቹም ኳሳቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ መሠራቱ ደግሞ ለአንተ ሲሳይ ነው፤ ግንብ ከታየ ፍርሃት ይጠፋልና፣ ትናንት «እዚያስ አልገባም» ያለው ሁሉ ዛሬ ወደ ግንቡ ተጠግቶ ለማደር ይሽቀዳደማል። ምናልባት አንድ መሐንዲስ መጥቶ፣ ማናቸውም ግንብ የሚችለው ውሃ ልክ እንዳለው፣ በላይ ያለው ተራራ ራቁቱን እስካለ ድረስም ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ እያደረገ ግንቡን እንደሚያሳጥረው ሊያስረዳህ ይሞክር ይሆናል፤ ቡና ጋብዘህ ሸኘው። ክፍሎቹን አሥራ ስድስት አድርጋቸው፣ ኪራዩንም ጨምር፤ ደላላውም «ግንብ ዳር፣ ነፋሻ፣ ቆጣሪ የገባለት» እያለ ሰው ሲያመጣልህ፣ በሦስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያ ላይ ፈጽሞ አትደራደር።